«ብራይድል» ከየት መጣ? የመግታት ትርጉም ያለውን ቃል እስከ ሥሩ ለሚከተል ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ለመሆን ለሚዘጋጁ ወጣቶች እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ስለ ጥምቀት በዓል የተጻፈች አንዲት አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ሰጠኋቸው። ጽሑፏ በከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅበው ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ስለሚወርዱ ፈረሰኞች የምትናገር ነበረች፤ በውስጧም «ያጌጠ ብራይድል» የሚል ሐረግ ነበረባት። ከተማሪዎቹ አንዷ ይህን «ያጌጠች ሙሽራ» ብላ መለሰችው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ፤ በእንግሊዝኛ ከሙሽራና ከሠርግ ጋር የተያያዘ «ብራይዳል» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ሁለቱን በጆሮ ለመለየት ለእንግሊዞቹም ያስቸግራል። በቀይ እስክሪብቶ «ልጓም» ብዬ አርሜ አለፍኩ። ማታ ጽሑፏን ደግሜ ሳነባት ግን የእኔም እርማት ጎደሎ መሆኑን አየሁ። ጌጡ የተንጠለጠለው በፈረሱ ራስ ላይ በዞረው ቆዳ ላይ ሲሆን፣ እኔ የጻፍኩት ቃል የሚያመለክተው በአፉ ውስጥ ያለውን ብረት ነው። ያቺ ልጅ የተሳሳተችው ድምፅ አምታቷት ነው፤ እኔ የተሳሳትኩት ግን ዕቃውን ሳላይ ቃሉን ስለጻፍኩ ነው፤ የእኔው ይበልጥ ያሳስባል።

ከዚያ በኋላ አንድን ቃል ከዛሬው አገልግሎቱ ተነሥቶ እስከ ጥንተ ምንጩ ለመከተል የምሠራበትን መንገድ በወጉ አስተካክዬ ያዝኩ። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። ምሳሌዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ብራይድል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይሆናል፤ ጎን ለጎንም የእኛን «ልጓም» እወስዳለሁ። ብራይድል በእንግሊዝኛ መግታትን፣ መቆጣጠርን፣ መያዝን ከሚናገሩት ቃላት ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው፤ ታሪኩም ብዙ ያስተምራል።

ሥራው የሚጀመረው ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ በመያዝ ነው። ማስታወሻ ደብተር ይክፈቱና ቃሉን ያገኙበትን ዐረፍተ ነገር በሙሉ፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ሐሳብ ጋር ይቅዱ። ቃሉን ነጥሎ ይዞ መዝገበ ቃላት መክፈት ብዙዎቻችን የለመድነው ነገር ነው፤ ነገር ግን መዝገበ ቃላቱ አምስት ትርጉም ቢያቀርብ የትኛው የእርስዎ እንደሆነ የሚነግርዎ ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ብራይድል ስለ ፈረስ ሲነገር አንድ ነው፤ ስለ ቁጣ ሲነገር ሌላ ነው፤ በልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ሴት በአንድ ሰው ንግግር «ብራይድልድ» ስትባል ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። ወደ እነዚህ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ቃሉ የሚጨበጥ ዕቃ ስም ከሆነ ዕቃውን ሄደው ይዩት። ይህን ደረጃ ማንም እንዲዘልለው አልመክርም፤ በተለይ ጎንደር ተቀምጦ የፈረስ ዕቃን ከወረቀት ብቻ መማር አያስፈልግም። ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ ከጥምቀተ ባሕሩ ቅጥር ውጭ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ፈረሰኛ ፈረሳቸውን አሳርፈው አገኘኋቸው። ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ «አባቴ፣ ልጓም የሚሉት የትኛውን ነው?» ስል ጠየቅሁ። ጣታቸውን በፈረሱ ከንፈር ጥግ አስገብተው ብረቱን ብቅ አደረጉልኝና «ልጄ፣ ልጓምማ ይኸ ብረቱ ነው፤ ቆዳውማ ብረቱን የሚሸከም ነው» አሉኝ። ከዚያም በምላሱ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ፣ ከእሱ ጋር ተያይዞ የታችኛውን መንጋጋ የሚከበውን የብረት ቀለበት፣ ከጉንጩ ግራና ቀኝ ወጥቶ ወደ ጋላቢው እጅ የሚሄደውን ዛብ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋውን ከሥር ጨመቅ ያደርገዋል። ፈረሱ ያን ጊዜ አገጩን ወደ አንገቱ ሰብስቦ ራሱን ቀና አደረገ፤ ይህን እንቅስቃሴ ልብ ብለው ያቆዩት፤ ኋላ አንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚፈታልን እሱ ነው።

እንግሊዞች የሚለዩት በሌላ መንገድ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት «ቢት» ይባላል፤ ስሙም ከመንከስ የመጣ ነው። ብራይድል ግን የራስ ጠፍሩን፣ ብረቱንና ዛቡን አንድ ላይ ይዞ ለሙሉ ዕቃው የተሰጠ ስም ነው። ስለዚህ ልጓም ከብራይድል ይልቅ ለቢት ይቀርባል፤ ምንም እንኳ በተለመደው ንግግራችን ልጓም ስንል ሙሉውን ዕቃ የምናስብበት ጊዜ ቢኖርም።

ዕቃው ከታየ በኋላ ትርጉሞቹን መደርደር ይመጣል። ለዚህ ጎንደር ከማንም የምትበደረው ዘዴ የለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው በየፊናቸው ባስተማሩባት በዚህች ከተማ፣ አንድ ንባብ ከተፈታ በኋላ «አንድም» ተብሎ ሌላ ፍቺ ይጨመራል፤ ደግሞም «አንድም» ይባላል። የአንድምታ ሥርዓት ትልቅ ጥቅሙ አንዱን ፍቺ ለማቆም ሌላውን አለመጣሉ ነው። በደብተርዎ ላይ እንዲሁ ያድርጉ። ብራይድል፦ የፈረስ ራስ ዕቃ፤ አንድም ይህን ዕቃ ለፈረስ ማድረግ፤ አንድም ስሜትን፣ ምላስን፣ ሥልጣንን መግታት፤ አንድም በተነገረው ነገር ቅር ተሰኝቶ አገጭን ሰብስቦ ራስን ቀና ማድረግ። የመጨረሻው በልብ ወለድ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ በእንግሊዝኛ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ለብቻው ቢታይ እንግዳ ነው፤ መግታት የሚለው ቃል እንዴት መቆጣት ሊሆን ይችላል ያሰኛል። ጥር 11 ቀን የዚያን ፈረስ ራስ ያየ ሰው ግን አይቸገርም፤ ቅር የተሰኘው ሰው ዛቡ ድንገት የተሳበበትን ፈረስ ይመስላል።

ከነዚህ ሌላ አንድ የሚያሳዝን ፍቺ አለ፤ ሊታለፍ ግን አይገባም። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በስኮትላንድና በእንግሊዝ «ተሳዳቢ» ተብለው በተከሰሱ ሴቶች ራስ ላይ የሚደረግ፣ ምላስን የሚጫን ምላስ መሰል ብረት ያለው፣ የብረት ቅፍደዳ ነበር፤ እሱም ብራይድል ይባል ነበር። ሴቲቱ ያን አጥልቃ በአደባባይ ትዞር ነበር። የእንስሳ ዕቃ ስም በሰው ላይ ሲውል ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ ስለዚህ «ምላሱን ገታ» የሚለውን ብቻ ይዘን በዘይቤነቱ ብቻ አንለፈው።

አሁን ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ለእንግሊዝኛ ቃል ዋናው መሣሪያ ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ሥራው የተጠናቀቀው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ከሌሎች መዝገበ ቃላት የሚለየው ትርጉሞቹን በዘመን ቅደም ተከተል ማስቀመጡና ለእያንዳንዱ ትርጉም ከነዓመተ ምሕረቱ የጽሑፍ ምስክር ማቅረቡ ነው። ሲያነቡት ከታች ወደ ላይ ያንብቡ፤ ማለትም መጀመሪያ የዛሬውን ይዘው ወደ ጥንቱ ይሂዱ። ዓመቶቹ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ስለሆኑ በደብተርዎ ላይ «እ.ኤ.አ.» ብለው ይጻፉ፤ ከአማርኛ መጻሕፍት ዓመተ ምሕረት ጋር ከተቀላቀለ ኋላ ለመለየት ያስቸግራል።

ብራይድልን እንዲህ ስንከተለው እስከ ጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ማለትም ከ1150 እ.ኤ.አ. በፊት ወደነበረው ቋንቋ እንደርሳለን። በዚያ ዘመን ቃሉ «ብሪዴል» ነበር፤ ከእሱ የሚቀድመው ቅርጽ ደግሞ «ብሪግዴልስ» ነው። ከብሪግዴልስ ብራይድል እንዴት ወጣ? ሦስት ለውጦች ተካሂደዋል። ከ«ደ» በፊት የነበረው «ግ» ጠፋና ከፊቱ ያለው አናባቢ በምትኩ ረዘመ። መጨረሻ ላይ የነበረው «ስ» ወደቀ። በመጨረሻም ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ረዣዥም አናባቢዎች ላይ በደረሰው ታላቅ ለውጥ ረጅሙ «ኢ» ወደ «አይ» ዞረ፤ «ቲማ» የነበረው ቃል «ታይም» የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ተነባቢ ጠፍቶ አናባቢ የሚተካው ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በግእዝ «በልዐ» የነበረው በአማርኛ «በላ»፣ «ሰምዐ» የነበረው «ሰማ» ሆኗል፤ የ«ዐ» ድምፅ ጠፍቶ አናባቢው ቀርቷል። የድምፅ ለውጥ በአንድ ቃል ላይ ብቻ ሲደርስ አይታይም፤ በአንድ ዓይነት ቦታ ያሉትን ቃላት ሁሉ ይነካል፤ ስለዚህ አንድ ለውጥ አገኘሁ ሲሉ ሁልጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር ይፈልጉለት።

የብሪግዴልስ መጨረሻ «ኤልስ» ከግስ የመሣሪያ ስም ለማውጣት የሚጨመር ክፍል ነው፤ እኛ ከ«አሰረ» «ማሰሪያ» እንደምናወጣው ማለት ነው። እሱ ሲነሣ የሚቀረው ግስ «ብረግዳን» ነው። ይህ ግስ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ብዙ ሥራ ይሠራ ነበር፦ በፍጥነት መንቀሳቀስ፣ ሰይፍን ከአፎት መምዘዝ፣ መንጠቅ፣ ደግሞም መጎንጎንና መሸመን ማለት ነበር፤ ቀለበት በቀለበት እየተጠላለፈ ለሚሠራው የጦር ጥሩርም ይነገር ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ ጠጉር መጎንጎን «ብሬድ» የሚባለው ከዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ ሹሩባና የፈረስ ራስ ዕቃ በእንግሊዝኛ እኅትማማች ናቸው።

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። ብራይድል ከብረግዳን መውጣቱ የታወቀ ነው፤ ከየትኛው ትርጉሙ እንደወጣ ግን በሁለት ወገን ሊነገር ይችላል። አንድም ዕቃው ከተጎነጎነ ጠፍር የሚሠራ ስለሆነ ነው፤ አንድም ጋላቢው ዛቡን ነጠቅ አድርጎ ስለሚስበው ነው። የመጀመሪያውን ለመረዳት የእኛን «ገመድ» ማሰብ ይበቃል፤ ገመድ የሚያስር ነገር ቢሆንም ስሙ ከማሰር ያልመጣና ከ«ገመደ» ማለትም ክሩን አጠንክሮ ካከረረ የወጣ ነው። የሚያስረው ነገር የተጠራው በአሠራሩ ነው፤ በሥራው አይደለም። ሁለተኛውን ለመረዳት ደግሞ የፈረሰኛው እጅ ይበቃል። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን ሁለቱንም በ«አንድም» አስቀምጫቸዋለሁ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለተርጓሚ ትልቅ ነው። በብረግዳን ውስጥ መግታት የሚል ትርጉም የለም። መግታት ቃሉ ላይ የመጣው ኋላ፣ ዕቃው ከሚሠራው ሥራ ነው። አንዳንድ ሰው የቃልን ሥር ካገኘ በኋላ «እውነተኛ ትርጉሙ ይህ ነው» እያለ የዛሬውን አገልግሎት በሥሩ ሲያርም ይሰማል። ብራይድል «በእውነቱ» መጎንጎን ማለት ነው ብሎ «ቁጣህን ብራይድል አድርግ» የሚለውን «ቁጣህን ጎንጉን» ብሎ የሚተረጉም አይገኝም፤ በሌሎች ቃላት ላይ ግን እንዲሁ የሚያደርግ ብዙ ነው። ሥር የቃሉን መንገድ ያሳያል እንጂ ዛሬ ያደረበትን ቤት አይወስንም።

አሁን ልጓምን በተመሳሳይ መንገድ እንያዝ። ለአማርኛና ለግእዝ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የአቶ ደስታ ተክለ ወልድን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) አስቀድሜ እከፍታለሁ። አንድ የሚያሰናክል ነገር ልንገርዎ፦ ሁለቱም በ«ሀለሐመ» ተራ የተደራጁ አይደሉም፤ በ«አበገደ» ተራ ነው። ስለዚህ «ለ»ን መጀመሪያው ገጽ አካባቢ አይፈልጉት፤ ከ«ከ» በኋላና ከ«መ» በፊት ይገኛል። ብዙ ወጣቶች ይህን ባለማወቅ መጽሐፉን ከፍተው ቃሉ የለም ብለው ሲዘጉ አይቻለሁ። ሌላው፣ ቃሉን በሥሩ ይፈልጉ፤ ልጓምን ለማግኘት «ለጐመ»ን ይክፈቱ። ለጐመ ልጓም አገባ ማለት ነው፤ አፍን ማሰር፣ ዝም ማሰኘትም ነው። «አንደበቱ ተለጎመ» ስንል ይህን ሁለተኛውን እንናገራለን።

ከጎረቤት ቋንቋዎች ጋር ለማነጻጸር በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመው የቮልፍ ሌስላው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ይረዳል። ልጓም በዓረብኛ «ሊጃም» ነው፤ በአራማይክ ወገንም «ልጋማ» ይገኛል፤ በፋርስ ደግሞ «ለጋም» ይባላል። የዓረብኛው «ጅ» በእኛ «ግ» መሆኑ አያስደንግጥዎ፤ ዓረቦች «ጀመል» የሚሉትን እኛ «ግመል» እንላለን፤ ይህ ሁለተኛው ምስክር ነው። የጥንት የዓረብኛ ሊቃውንት ሊጃምን ከፋርስ ከገቡት ቃላት ይቆጥሩታል። የፈረስ ዕቃ ከፈረሱና ከባለ ሙያው ጋር አገር ለአገር ይዞራል፤ ስሙም አብሮት ይዞራል፤ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቃል በብዙ ቋንቋ ሲገኝ ከዝምድና ይልቅ መዋዋስን አስቀድሞ መጠርጠር ይሻላል። ብራይድልም ከዚህ አላመለጠም፤ ፈረንሳዮች የፈረስ ራስ ዕቃን «ብሪድ» የሚሉት ከጀርመን ወገን ቋንቋዎች ወስደው ነው።

መመሳሰል እንዴት እንደሚያታልል ለማየት ወደ ተማሪዬ ስሕተት ልመለስ። የፈረንሳይኛው ብሪድ ሲጻፍ ሙሽራ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው፤ ዝምድና ግን የላቸውም። «ብራይዳል» የሚለው ደግሞ ጥንት «ብሪድ ኤአሉ» ተብሎ በሁለት ቃል የተሠራ ነው፦ ሙሽራና ከገብስ የሚጠመቅ መጠጥ። በእኛ ቢነገር «የሙሽራ ጠላ» ማለት ነው፤ ድግሱ በመጠጡ ተጠራ። መጨረሻው ኋላ እንደ ቅጽል መጨረሻ ስለተሰማ ቃሉ «ሠርጋዊ» የሚል ትርጉም ያዘ። ስለዚህ ብራይድልና ብራይዳል አንዱ ከፈረስ ጋጥ፣ አንዱ ከጠላ ጋን መጥተው በአንድ ድምፅ ተገናኙ። በአማርኛም ወጥመዱ አለ። «ለጐመ»ን ያገኘ ሰው ወዲያው «ለገመ»ን ያስታውሳል፤ አልሠራም ብሎ የሚለግም በሬ ወይም ሠራተኛ ልጓም እንደገባበት ቆሟል ብሎ ማሰብ ያምራል። የሚያምር መሆኑ ግን ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ጥንድ «ይጣራ» የሚል ዓምድ ከፍተው ያስቀምጡት፤ የድምፁ ልዩነት በሌላ ቃል ሲደገምና የትርጉሙ መንገድ በጽሑፍ ሲመሰከር ብቻ ከዚያ ያውጡት።

የሁለቱን ቋንቋ ቃላት ለማመዛዘን ከሁሉ የሚረዳኝ አንድን ጽሑፍ በሁለቱም ማንበብ ነው፤ ለዚህ መጽሐፍ ቅዱስ እጅግ ይመቻል፤ በሁለቱም በጥንቃቄ ተተርጉሟልና። የያዕቆብን መልእክት ይክፈቱ። በምዕራፍ 3 ቁጥር 3 አማርኛው በፈረሶች አፍ ልጓም እናገባለን ይላል፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ብራይድል አላለም፤ «ቢት» ብሏል። ያ ሽማግሌ ፈረሰኛ በጣታቸው ያሳዩኝን ተርጓሚዎቹም መስክረዋል። በምዕራፍ 1 ቁጥር 26 ላይ ደግሞ እንግሊዝኛው አንደበቱን ብራይድል ስለማያደርግ ሰው ሲናገር፣ አማርኛው «አንደበቱን ሳይገታ» ይላል። የግሪኩ ቃል ከልጓም የወጣ ሆኖ ሳለ የእኛ ተርጓሚዎች ፈረሱን ትተው «ገታ»ን መረጡ። ስሕተት አይደለም፤ አማርኛው ሳይጨነቅ የሚናገረው እንዲያ ስለሆነ ነው። ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር እወስዳለሁ፦ ዕቃው በታሪኩ ውስጥ ካለ ዕቃውን ጥሩት፤ ዘይቤው ብቻ ካለ ግን ዘይቤውን በአማርኛ ከሚሸከመው ግስ ጋር ያውሉት።

መዝሙረ ዳዊት ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ፈረስና እንደ በቅሎ አትሁኑ የሚለው ቃል በአማርኛው መዝሙር 31 ቁጥር 9 ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው መዝሙር 32 ነው፤ ከመዝሙር 10 ጀምሮ ቁጥሩ በአንድ ስለሚለያይ ያልተዘጋጀ ሰው ሌላ መዝሙር ላይ ይወድቃል። አማርኛው እዚያ «በልባብና በልጓም» ሲል እንግሊዝኛው «በቢትና በብራይድል» ይላል። የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው አጋጥመው ልባብ ቢት ነው እንዳይሉ፤ ከያዕቆብ መልእክት እንዳየነው ብረቱ ልጓም ነው። ጥንድ ቃላት በተርጓሚ እጅ ቦታ ይለዋወጣሉ።

የብራይድልን ጎረቤቶች እግረ መንገድዎን ይመዝግቡ፤ ረጅም ጊዜ አይወስዱም። «ሬይን» ዛቡ ነው፤ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን «ወደ ኋላ መያዝ» ከሚለው ግስ መጣ። «ከርብ» ከፈረሱ አገጭ ሥር የሚያልፈው ማጥበቂያ ሲሆን ስሙ ከመጉበጥ ነው፤ ጋዜጦች የዋጋ ንረትን «ከርብ» ማድረግ ሲሉ ይህን ይዘው ነው፤ እኛ «መግታት» እንላለን። «ፈተር» እግር ከሚለው ቃል ሥር የወጣ ሲሆን፣ የእኛን «እግር ብረት» ያስታውሳል። «ቼክ» ደግሞ ከሁሉ ሩቅ የተጓዘ ነው፤ በሰንጠረዥ ጨዋታ ንጉሡ ከሚጠራበት «ሻህ» ከሚለው የፋርስ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ገብቶ መያዝ፣ ማገድ፣ መመርመር ሆነ። በእኛ በኩል «ካቴና» ሰንሰለት ከሚለው የጣልያንኛ ቃል፣ «አደብ» ከዓረብኛ መጥተዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አማርኛው የመግታትን ሐሳብ ከየት ከየት እንደሚያመጣ ማወቅና መምረጥ ነው። ልጓም ከፈረስ ነው፤ ቀንበር ከበሬ ነው፤ ገደብ ደግሞ ከግድብ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነውና ከውኃ ነው። ስለዚህ «አንብራይድልድ» የሚለው ቅጽል ስለ ሥልጣን ሲነገር «ልጓም የሌለው ሥልጣን» ቢባል ጉልበቱን ይይዛል፤ ለሕግ ወይም ለውል ጽሑፍ ግን «ገደብ የሌለው» ይሻላል፤ የፍጥነት ገደብ፣ የጊዜ ገደብ ስንል ቃሉ ለመለካት ለምዷልና። ስለ ልጅ ጠባይ ከሆነ «ስድ» የሚለው ቃላችን አለ፤ ከመስደድ፣ ከመልቀቅ የመጣ ስለሆነ ዛቡ የተለቀቀውን ፈረስ ሳይጠሩ ያሳያል። ስለ ቅርታ የሚናገረውን ብራይድል በልጓምም በገታም አይመልሱት፤ «ቅር ብሏት አንገቷን ቀና አደረገች» ማለት ይበቃል።

ደብተርዎ ላይ ለአንድ ቃል ሁለት ገጽ ይበቃዋል። በቀኝ ገጽ ዐረፍተ ነገሩን፣ የዕቃውን ሥዕል፣ የአንድምታውን ዝርዝር ያስፍሩ፤ በግራው ጥንታዊ ቅርጾቹን ከነዘመናቸው፣ የድምፅ ለውጡን ከነምስክሮቹ፣ ዘመዶቹንና «ይጣራ» የሚለውን ዓምድ። ሥዕሉን ባለ ሙያ ባይሆኑም በእጅዎ ይሣሉት፤ እኔ የብረቱን ቀለበት ስሥል ነው መንጋጋውን በየት በኩል እንደሚይዝ በትክክል የገባኝ፤ ሥዬም ሳልጨርስ ተመልሼ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ።

ለተማሪዬ በመጨረሻ የመለስኩላት ወረቀት ላይ «ልጓም» የሚለውን እርማቴን ሰርዤ «የፈረሶቹ የራስ ጠፍር በናስና በቀይ ጥለት አጊጧል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የብረቱን፣ የቆዳውንና የዛቡን ሥዕል ከነስማቸው ጨመርኩላት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይዛ የመጣችው ደግሞ «እርካብ»ን ነበር፤ ሁለት ገጽ ሞልታ፣ ከተራራው ሰፈር አንድ ፈረሰኛ ጠይቃ።